የሽጉጡን ዝገት አትንኩት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ጥንታዊ ሽጉጦች ዋጋ መወደድ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ቡና እየጠጣሁ አነበብኩት። ቡናው ቀዘቀዘብኝ። ጽሑፉ ውሸት ነው አልልም። በአሜሪካ ሰብሳቢዎች ዘንድ የድሮ ባለ ስድስት ጎራሽ ዋጋ ተሰቅሏል፤ እሱ እውነት ነው። ያናደደችኝ መጨረሻ ላይ የሰፈረችው ምክር ናት። አሮጌ ሽጉጥ ያለው ሰው ወርቅ እንዳለው ይቁጠረው የምትለዋ። እኔ እንዲህ ብዬ ቆጥሬ የከሰርኩ ሰው ነኝ።

ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። ሥራዬ የተጋጨ መኪና ላሜራ ማቃናትና ቀለም መቀባት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ጎረቤቴ የነበሩ ሽማግሌ አሜሪካዊ ቤታቸውን ሸጠው ወደ ልጃቸው ሲሄዱ ኮልት የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሠራውን ፓይተን የተባለ ባለ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ በ500 ዶላር ሸጡልኝ። ዘመናቸውን ሙሉ በቆዳ ማኅደር ነበር የያዙት። አፈሙዙ አካባቢ ቆዳው ፈትጎት ጥቁር ሰማያዊ ቀለሙ ሳስቷል። ከእጀታው በላይ ደግሞ የእጅ ላብ ያመጣው ቡናማ ዝገት ነበረው።

እኔ ቀለሙ የሳሳ ብረት ካየሁ እጄን ይበላኛል። አንድ እሑድ ጋራዥ ይዤው ገባሁ። በብርጭቆ ወረቀት ከሻካራው ጀምሬ እስከ ልሙጡ አሸሁት። በማሽን ወለወልኩት። ከዚያ ብረት ማጥቆሪያ ቀባሁት። መስታወት ሆነ። ባለቤቴ እንኳ «አዲስ ገዛህ እንዴ?» አለችኝ። ደስ አለኝ፣ ምን ይደረግ።

ከዓመታት በኋላ ዋጋው እንዳበደ ስሰማ አንድ ገን ሾው ወሰድኩት። ገን ሾው ማለት አዳራሽ ሙሉ ጠረጴዛ ተደርድሮ የጦር መሣሪያ የሚሸጥበት ገበያ ነው። አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ተቀበለኝ። መጀመሪያ ባዶ መሆኑን አረጋገጠ። ከዚያ ትንሽ የእጅ ባትሪ አወጣና ብርሃኑን በጎን በኩል ጣለበት። ምላጩን እንኳ አልሞከረም፤ ያየው ፊደሎቹን ነው። «ና እይ» አለኝ። ብረቱ ላይ የተመታው ጽሑፍ ጠርዙ እንደ ሳሙና ሟሙቷል። የኮልት ምልክት የሆነችው ፈረስ እግሯ ጠፍቷል። የብሎኖቹ ቀዳዳ ዙሪያው ሰርጉዷል። ከራሱ ጠረጴዛ ያልተነካ ፓይተን አንስቶ አጠገቡ አስቀመጠልኝ። በዚያኛው ላይ ፊደሉ በጣት ሲዳሰስ ይቧጭራል።

«ማነው እንዲህ የተጫወተበት?» አለኝ። መልስ አልሰጠሁትም። ሳይነካ ቢመጣ 3 ሺህ ዶላር እከፍልህ ነበር አለና አሁን ግን ከ1 ሺህ 200 በላይ አልሰጥህም አለኝ። አልሸጥኩለትም። እልህ ይሁን እፍረት አላውቅም። ይኸው ዛሬም ቁም ሣጥኔ ውስጥ ያብለጨልጫል።

እዚህ ላይ ነው ጽሑፋችሁ የዘለለው ነገር ያለው። ፓይተን እ.ኤ.አ. በ1955 ገበያ ሲወጣ 125 ዶላር ነበር። ለዚያ ዘመን ውድ ነው። ሃርትፎርድ ከተማ ያሉት የኮልት ባለሙያዎች የውስጥ ዕቃውን በሞረድ እየሞረዱ፣ አንዱን ከአንዱ በእጅ ያጋጥሙት ነበር። ውጩንም ቀለም ከመግባቱ በፊት ለረጅም ሰዓት ይወለውሉታል። እንዲህ ያለ ሥራ የእጅ ዋጋ ሲወደድ አያዋጣም፤ በ2005 ማምረቱ ቆመ። ኩባንያው በ2020 አሻሽሎ ሲመልሰው ዋጋውን 1 ሺህ 499 ዶላር አለው። አዲሱ ጥሩ ሽጉጥ ነው ይላሉ የተኮሱበት። ሰብሳቢው ግን የሚገዛው ያንን የድሮውን እጅ ነው። የእኔ ዓይነቱ ቦዲ ሠሪ በብርጭቆ ወረቀት ከላዩ ላይ የሚያነሳውም ያንኑ እጅ ነው።

ሁለተኛው ነገር ወረቀት ነው። ለብዙዎቹ የድሮ ሽጉጦች ኮልት ከመዝገቡ አውጥቶ በክፍያ የሚጽፈው ደብዳቤ አለ። ቁጥሩን ትሰጠዋለህ፤ መቼ ከፋብሪካ እንደወጣ፣ ለየትኛው ነጋዴ እንደተላከ፣ ያኔ ምን ቀለም እንደነበረው ይነግርሃል። ያለ ወረቀት «የእገሌ ሽጉጥ ነበር» የሚል ወሬ ዋጋ የለውም። ወረቀት ሲኖረውስ? ሸሪፍ ፓት ጋሬት ስመ ጥሩን የአሜሪካ ሽፍታ ቢሊ ዘ ኪድን የገደለበት ኮልት በ2021 ሎስ አንጀለስ ውስጥ በጨረታ ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል። በዚያው ዘመን የተሠራ፣ ታሪክ የሌለው ወንድሙ ያንን ገንዘብ በሕልሙም አያየው።

ለእኛ ቅርብ የሆነ ምሳሌም አለ። ሐረር የሄደ ሁሉ የራምቦን ቤት ያውቀዋል። ፈረንሳዊውን ገጣሚ አርተር ራምቦን ሐረር ከመምጣቱ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1873፣ ብራስልስ ውስጥ ጓደኛው ገጣሚው ፖል ቬርሌን ተኩሶ እጁን አቁስሎታል። ሁለት ጊዜ ተኩሶ አንዷ አንጓው ላይ አረፈች። ቬርሌን ሁለት ዓመት ተፈረደበት። ሽጉጡ ሌፎሾ የሚባለው ዓይነት 7 ሚሊ ሜትር፣ ባለ ስድስት ጎራሽ ነው። ቬርሌን 23 ፍራንክ ነበር የገዛው። በ2016 ፓሪስ ላይ ለጨረታ ሲቀርብ 60 ሺህ ዩሮ ድረስ ቢያወጣ ነው ተብሎ ነበር። 434 ሺህ 500 ዩሮ ተሸጠ። የዚህ ሽጉጥ ዓይነቶች በአውሮፓ የአሮጌ ዕቃ ገበያ በጥቂት መቶ ዩሮ ይገኛሉ። ልዩነቷ የራምቦ አንጓ ላይ ያረፈችው ጥይት ናት።

ራምቦ ራሱ ኋላ የጦር መሣሪያ ነጋዴ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1887 ጊዜ ያለፈባቸው ጠመንጃዎች በግመል ጭኖ ወደ ምኒልክ መጣ። እንጦጦ ላይ ዋጋ ሰበሩበት፤ የሟች ሸሪኩንም ዕዳ ከሂሳቡ ቀነሱበት። አሮጌ መሣሪያ ወርቅ ነው የሚለውን ምክር እሱም ሰምቶ ይሆናል።

ደም የነካው ሽጉጥ የበለጠ መወደዱ ለእኔ እስካሁን ይከብደኛል። ይህን ግን ለሌላ ቀን ልተወው።

ለመጻፍ ያስነሳኝ የእህቴ ልጅ ነው። ደብረ ብርሃን ይኖራል። ጽሑፋችሁን አንብቦ ማታ ደወለ። «ጋሼ፣ የአያቴ ሽጉጥ እዚያ ስንት ያወጣል?» አባቴ በአርበኝነት ዘመን ከጣሊያን የማረኩት ቦዴዮ የሚባል የጣሊያን ሽጉጥ አለ። ለጣሊያን ተራ ወታደር ተብሎ የተሠራው ዓይነት ነው፤ የምላጭ ጠባቂ ቀለበት የለውም፣ ምላጩ ራሱ እንደ ሴንጢ ይታጠፋል። ልጅ ሆኜ እሱን ምላጭ ስዘረጋና ሳጥፍ ተገርፌበታለሁ።

የመሣሪያው ፈቃድ በእጁ ነው። ያለ ፈቃድ መሸጥም፣ ከአገር ማውጣትም ወንጀል መሆኑን ነገርኩት። «ዋጋውን ለማወቅ ያህል ነው» አለኝ። እንግዲያው አባቴ እንዴት እንዳገኙት ከሽማግሌ ጠይቀህ ጻፈው፣ አሮጌ ፎቶግራፍ ካለ አብረህ አስቀምጥ፣ ብረቱን በደረቅ ጨርቅ ጠርገህ ስስ ዘይት ከመቀባት ሌላ እንዳትነካው አልኩት። ስልኩ ውስጥ ዝም አለ።

እባካችሁ በሚቀጥለው እትም ይህችን አንድ መስመር አስገቡልን፦ ዝገቱን አትፈግፍጉት። ሌላ ማስተባበያ አልጠይቅም።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ፎቶ ላከልኝ። ቦዴዮው ጋዜጣ ላይ ተኝቷል። አጠገቡ የተጣጠፈ ብርጭቆ ወረቀት አለ። በግራ በኩል ብረቱ ጥቁር ነው፣ በቀኝ በኩል እንደ ማንኪያ ያበራል። ከሥሩ እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «ጋሼ፣ የቀረውን ጎን ልጨርሰው ወይስ ልተወው?»

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከቨርጂኒያ