ስልካችን ላይ ስላሉት የካንሰር አፖች

ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን
ግልባጭ፦ ለጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በስልክ አፖች ስለሚሰራጭ የካንሰር መረጃ

ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች ሴት ከሐኪም በፊት ስልኳን ትጠይቃለች። ማታ፣ ቤተሰቡ ከተኛ በኋላ። አይፈረድባትም። ጤና ጣቢያ ካርድ አውጥታ፣ ሪፈር አጽፋ፣ ሆስፒታል ወረፋ ይዛ የምታገኘውን መልስ ስልኩ ወዲያው ይሰጣታል። ግን መልሱ የማን ነው?

ሰሞኑን በአማርኛ የካንሰር መረጃ እሰጣለሁ የሚል አንድ አፕ አውርጄ አየሁ። የጸሐፊ ስም የለውም። ቀን የለውም። ሐኪም አይቶት እንደሆነም አይናገርም። ስለ ጡት ካንሰር ምልክቶች የተጻፈው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደህና ነው። ዝቅ ሲሉ ግን የጊሽጣ ቅጠል ከኬሞ (ሆስፒታል ከሚሰጠው የካንሰር መድኃኒት) ይበልጣል ይላል። ከሥሩ ደግሞ ዱቄቱን ቤት ድረስ የሚያመጣ ሰው ስልክ ቁጥር! የላይኛውን ያመነ አንባቢ የታችኛውን በምን ይጠርጥር?

የባሰው ፎቶ አይቶ «ያሰጋል፣ አያሰጋም» የሚለው ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት የቆዳ ካንሰር እንለያለን የሚሉ 4 አፖችን ፈትኖ ነበር። 3ቱ፣ ሜላኖማ ከተባለው አደገኛ የቆዳ ካንሰር 30 በመቶውንና ከዚያ በላይ «አያሰጋም» ብለው አለፉት። እ.ኤ.አ. በ2015 የአገሪቱ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ሜልአፕና ሞል ዲቴክቲቭ የተባሉትን አፖች ይሸጡ የነበሩትን ሰዎች፣ ያለ በቂ ማስረጃ ሕዝብ አታላችኋል ብሎ ከሰሰ። የእኛ ችግር ደግሞ ይጨምራል። ጥቁር ቆዳ ላይ ሜላኖማ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ውስጥ እግር፣ መዳፍ ወይም ጥፍር ሥር ነው። በአብዛኛው በነጭ ቆዳ ፎቶ የሰለጠነ አፕ የገበሬን ተረከዝ አይቶ ምን ሊል ነው?

የሕክምና መሣሪያ የመቆጣጠር ሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ተሰጥቷችኋል። በሽታ አያለሁ የሚል አፕ በእናንተ ዓይን የሕክምና መሣሪያ ነው ወይስ አይደለም? በግልጽ ንገሩን። ከሆነ፣ ያልተመዘገበው ለኢትዮጵያ ተጠቃሚ እንዳይቀርብ ፕሌይ ስቶርን ጠይቁ። በአፕ ውስጥ የሚሸጠውን «የካንሰር ዱቄት» ደግሞ ሱቅ ውስጥ እንዳገኛችሁት ቁጠሩት።

ለጤና ሚኒስቴርም አንድ ነገር አለኝ። ማገድ ብቻውን አይበቃም፣ ሰው ባዶ ስልክ አይዝም። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያለች ሴት የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ ማድረግ እንዳለባት ራሳችሁ ትመክራላችሁ። ይህን ካንሰር የሚከላከለው የኤችፒቪ ክትባትም ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለልጃገረዶች እየተሰጠ ነው። ያየሁት አፕ ስለ ሁለቱም አንድ መስመር የለውም። የትኛው ጤና ጣቢያ፣ በየትኛው ቀን እንደሚመረምር የሚናገር፣ የሐኪም ስምና የታደሰበት ቀን ያለው አጭር ገጽ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛ አውጡ። ያለ ኢንተርኔትም ይከፈት። ዳታ ውድ ነው።

መልሳችሁን በቴሌግራም ቻናላችሁ ብትለጥፉት ይበቃናል።

ከሰላምታ ጋር