አርብ ከሰዓትን ለልጆቹ እንመልስላቸው

ክቡር አዘጋጅ፣

ባለፈው አርብ ልጄ የአባቷን ኮት በፌስታል ይዛ ከትምህርት ቤት ተመለሰች። ሦስት ሳምንት ሙሉ በየአርቡ ስታመላልሰው ነበር። ድራማ ክበብ ውስጥ ዳኛ ሆና ልትጫወት ነው። እጅጌው ስለሚረዝምባት አጥፌ በመርፌ ቁልፍ ይዤላታለሁ። መርፌ ቁልፎቹን አንድ በአንድ አውጥታ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። ኮቱን መስቀያው ላይ መለሰችና «ክበብ ቀርቷል፤ ቱቶሪያል ሆኗል» አለችኝ። ሌላ ምንም አልተናገረችም።

የምትማረው ሴቶች ብቻ በሚማሩበት ትምህርት ቤት ነው፤ 7ኛ ክፍል ናት። ስናስመዘግባት በሰጡን ብሮሸር ላይ ክበቦቹ ከነፎቷቸው ነበሩ፦ ድራማ፣ ሥነ ጽሑፍ፣ ሚኒ ሚዲያ፣ ሥዕል፣ ቀይ መስቀል። አሁን የአርብ ከሰዓት ሁለቱ ክፍለ ጊዜዎች ለሒሳብና ለእንግሊዝኛ ተሰጥተዋል። ከ7ኛ እስከ 12ኛ ክፍል፣ ለሁሉም።

ስጋቱ ይገባኛል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ 3.2 ከመቶ። ይህን ሰምቶ ያልደነገጠ ወላጅ ያለ አይመስለኝም፤ እኔም እንቅልፍ አጥቻለሁ። ግን የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን በቱቶሪያል ማገዝ ሌላ፣ የ7ኛ ክፍል ልጅ በሳምንት ያላትን አንዲት ከሰዓት መውሰድ ሌላ። ቅዳሜ ጠዋት እኮ አለ።

ነገሩ እንዲህ ያንገበገበኝ እኔም ሲስተሮች (ሴት መነኮሳት) በሚመሩት የሴቶች ትምህርት ቤት ስላደግሁ ነው። ወንድ ተማሪ ስለሌለ ድራማ ሲሠራ ሽማግሌውም፣ ሌባውም፣ ንጉሡም እኛው ነን። ጢማችን በዱቄት ማጣበቂያ የተለጠፈ ጥጥ ነበር፤ ሲያልበን ይወልቃል። የሚኒ ሚዲያውን አምፕሊፋየር ተሸክማ የምታመጣው፣ የተበጠሰውን ሽቦ ልጣ የምትቀጥለው ሴት ልጅ ናት። በኋላ ወንድና ሴት አብረው ወደሚማሩበት ስዛወር ሽቦው የወንዶቹ፣ ጽሑፍ ማንበቡ የሴቶቹ ሆኖ ጠበቀኝ። እንዲህ ይሁን ብሎ ያዘዘ የለም። እንዲሁ ተለምዶ ነው።

በግቢያችን ጥግ ትንሽ ጸሎት ቤትም ነበረች። ግቡ ብሎ የሚያስገድደን አልነበረም። አብዛኞቻችን ኦርቶዶክስ ነን፤ ሙስሊም ጓደኞችም ነበሩን። በምሳ ሰዓት የፈለገች ገብታ ዝም ብላ ትቀመጣለች። ውስጡ ቀዝቃዛ ነው፤ ሰም ሰም ይሸታል። ከዚያ ሁሉ ጫጫታ ወጥተሽ የራስሽን ትንፋሽ ትሰሚያለሽ። ኳየር የምንለማመደውም እዚያው ነበር። ኦርጋን የምትጫወተው ሲስተር «የአጠገብሽን ልጅ ድምፅ ካልሰማሽ አንቺ እየጮኽሽ ነው» ትለን ነበር። እስካሁን መሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ ትዝ ይለኛል። የልጄ ትምህርት ቤት የሃይማኖት ድርጅት ስላልሆነ ጸሎት ቤት ይሠራ አልልም። ግን ቤተ መጻሕፍቱ በምሳ ሰዓት ለምን ይቆለፋል?

ክበብና ድራማ ቅንጦት ነው የሚል ሰው ወይዘሮ ስንዱ ገብሩን ያስታውስ። እቴጌ መነን ትምህርት ቤትን ሲመሩ ለተማሪዎቻቸው ቲያትር ይጽፉ ነበር፤ መድረክ ላይ የሚወጡት ልጃገረዶቹ ናቸው። በቲያትር መድረኮቻችን የሴቷን ቦታ ወንድ ይጫወት ከነበረበት ጊዜ ገና ብዙ አልተራቀም ነበር። እኚሁ ሴት በኋላ በምርጫ ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሆኑ። ታናሽ እህታቸው እማሆይ ጽጌማርያም ደግሞ ከሙዚቃ ጋር የተዋወቁት በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ሳሉ ነው። በ2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ሲያርፉ የፒያኖ ሙዚቃቸው በብዙ አገር ይታወቅ ነበር። ልጄ እንደ እነሱ ትሆናለች እያልኩ አይደለም። ዳኛዋን ተጫውታ ትጨርስ ነው የምለው።

ርዕሰ መምህሯን ሄጄ አነጋግሬያቸዋለሁ። በትዕግሥት ሰሙኝ፤ «ቱቶሪያሉን የጠየቁን ወላጆች ራሳቸው ናቸው» አሉኝ። አምናቸዋለሁ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ለወላጆች ነው። ለ12ኛ ክፍሎቹ ቱቶሪያሉ ይቀጥል። የሌሎቹ ወደ ቅዳሜ ጠዋት ይዙር፤ ልጆቹን ለማድረስ እኔም ቀድሜ እነሳለሁ። የሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ፕሮግራም ከመውጣቱ በፊት የወላጆች ስብሰባ አለ። እዚያ እጄን አወጣለሁ፤ አብራችሁኝ አውጡ።

አንዲት እናት
ከአዲስ አበባ