ያየሁት ጋቢውን ነበር

ልጄ፣ እንደምን ከረምሽ? እኛ ደህና ነን። ደሴ ብርዱ ከጦሳ ተራራ እየወረደ ነው፤ እናትሽ በጣም ናፍቀሻታል።

ባለፈው በስልክ «የግል መርማሪ መሆን እፈልጋለሁ» ስትይኝ ዝም ያልኩት ተቆጥቼ አይደለም፣ አብሽሪ። አክስትሽ «ጆሮ ጠቢ ልትሆን ነው እንዴ?» ብላ ደንግጣለች። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው።

የ12 ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ሐይቅ ከተማ እያለን፣ ከጎረቤታችን የእህል መጋዘን ብር ጠፋ። እዚያ ጆንያ የሚሸከም አንድ ወጣት ነበር፤ በዚያው ሰሞን አዲስ ጫማ ገዝቷል። በቃ፣ ሁሉም እሱን ጠረጠረ። እኔንም «ማታ ሲወጣ አይተኸዋል?» አሉኝ። «አዎ» አልኩ። ያየሁት ግን በጨለማ የሚያልፍ ነጭ ጋቢ ነው እንጂ ፊቱን አላየሁም። ልጁ ተደብድቦ ከአገር ወጣ። ከሁለት ወር በኋላ የጤፍ ጆንያዎቹ ሲነሱ ብሩ በጨርቅ እንደተቋጠረ ተገኘ፤ ለካ ባለቤቱ ራሱ አስቀምጦ ረስቶታል። ልጁን አስፈለግነው፣ የት እንደገባ የሚያውቅ ጠፋ። እስከ ዛሬ ነጭ ጋቢ በጨለማ ሳይ እሱ ትዝ ይለኛል።

ድሮ ሌባ ሻይ የሚባል ነበር። አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣና እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። እኔም ያን ቀን ያው እንደዚያ ልጅ ነበርኩ።

ስለዚህ ደብተርሽን ለሁለት ክፈይው። በአንድ በኩል ያየሽውን፣ በሌላው የጠረጠርሽውን። አይደባለቁ።

ሕጉንም አጥብቀሽ ያዢ። ወንጀል መመርመር የፖሊስ ሥራ ነው፤ አንቺ ሰው ማሰርም ቤት መፈተሽም አትችይም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የሰውን ቤት፣ ደብዳቤና ስልክ ይጠብቃል፤ ደንበኛ «የባሌን ስልክ ጥለፊልኝ» ብትልሽ እምቢ በይ። አሜሪካ ካሊፎርኒያ ውስጥ የግል መርማሪነት ፈቃድ የሚፈልግ ሰው በመደበኛው 6,000 ሰዓት በምርመራ ሥራ ማሳለፍ አለበት። አንቺም በሂሳብ ሙያሽ ጀምሪ፦ የጎደለ ንብረት፣ የተጭበረበረ ደረሰኝ፣ የኢንሹራንስ ካሳ። አብዛኛው ሥራ ወረቀት ማገላበጥና መጠበቅ ነው፣ አንቺ ደግሞ ትዕግሥቱ አለሽ።

ከሁሉም ልቤን የሚነካኝ የጠፋ ሰው ፍለጋ ነው። ከዚህ ከወሎ ስንቷ ልጅ ዓረብ አገር ሄዳ ድምፅዋ ጠፍቷል! እናት በየቀኑ ስልኳን እያየች ትውላለች። ለእንደዚህ ዓይነቷ እናት ወሬ ብታመጪላት ምርቃቱ ለእኔም ይተርፋል። ግን መጀመሪያ ፈላጊው ማን እንደሆነና ለምን እንደሚፈልግ እወቂ፤ ከዱላ ሸሽታ የተደበቀች ሚስትም «የጠፋች» ትባላለችና። በሕይወት ካገኘሻት፣ ያለችበትን ከመናገርሽ በፊት እሷን ጠይቂያት።

የመጀመሪያ ሪፖርትሽን ስትጽፊ ስሞቹን ሸፍነሽ አንብቢልኝ። «አይቻለሁ» ባልሽበት ቦታ ሁሉ አስቆምሻለሁ።

አባትሽ