የዓሣ ክበባችን ዓመት፦ ከሻይ ማንኪያ እስከ ጣና

ክበባችን ዘንድሮም በሥራ ላይ ነው። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው በዓመቱ መጀመሪያ «ተማሪን ሐይቅ ዳር ማዋል ምን ትምህርት አለው?» የሚል ጥያቄ ስለተነሣ ነው። ጥያቄው አግባብ ያለው ነው፤ መልሱን ልጆቹ በሥራቸው ሰጥተዋል።

የዓርብ ስብሰባዎቻችን እንደ ወትሮው ተካሂደዋል። ሥራ አስፈጻሚ ተመርጧል፣ ዕቅድ ጸድቋል፤ ቃለ ጉባኤውን ማየት የሚፈልግ ፋይሉን መጠየቅ ይችላል።

የዓመቱ ዋና ሥራችን ግን ዓሣ የሚያባብል የብረት ማጥመጃ መሥራት ነበር። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ጁሊዮ ቡኤል የተባለ አሜሪካዊ የማንኪያ ማጥመጃውን በ1852 እ.ኤ.አ. በፈጠራ መብት አስመዝግቧል። ከጀልባ ላይ ማንኪያ ወድቆበት ዓሣ ሲቀልበው አይቶ ነው ይባላል። የማንኪያው እጀታ ይቆረጣል፣ ሁለቱ ጫፎች ይበሳሉ፣ ጠርዙ በሞረድ ይለሰልሳል፤ በአንዱ በኩል ክር፣ በሌላው መንጠቆ ይታሰራል። ከባዱ ነገር የትኛውን ማንኪያ መምረጥ እንዳለብን መወሰኑ ነበር።

በጣና ከሚኖሩት ባርበስ የሚባሉ ትልልቅ የዓሣ ዝርያዎች ስምንቱ ዓሣ በሎች ናቸው። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ ለይቶ ያቆያቸው እነዚህ ዝርያዎች ከጣናና ከገባር ወንዞቹ ውጭ አይገኙም። የሚያሳድዷቸው ዓሦች ትንንሾች ስለሆኑ የሾርባ ማንኪያውን ትተን የሻይ ማንኪያውን ያዝን። ጣና ጥልቅ በሚባልበት ቦታ እንኳ 14 ሜትር ያህል ነው፤ ስለዚህ ማጥመጃውን የሚያሰምጥ ከባድ የእርሳስ ብረት አላስፈለገንም። ውኃው በደለል ስለሚደፈርስ ደግሞ ብረቱን በደንብ ወለወልነው። መንጠቆው ጫፍ ላይ ያለችውን ወደ ኋላ የዞረች እሾህ በፒንሳ ጨፍልቀናታል፤ የምንለቀው ዓሣ እንዳይቀደድ ነው።

በዘጌ ዳርቻ ያሳለፍነውን ጠዋት ግን በሁለት መስመር ማለፍ አልችልም። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ክሯ ደጋግሞ ይጠመዘዝባታል። በክፍል ውስጥ ስሟ ሲጠራ ካልሆነ በቀር ድምጿን የማንሰማት ልጅ ናት። ሌሎቹ እየወረወሩ እሷ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ማንኪያዋን በፒንሳ አጎበጠችው፣ ጠጋ ብላ በውኃው ውስጥ ጎተተችው፣ እንደገና አጎበጠችው። «መምህር፣ ስፈጥን ይሽከረከራል፤ ዝግ ስል ግን እንደታመመ ዓሣ ይወዛወዛል» አለችኝ። በታንኳ የሚያልፉ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አስጋሪ ሰምተዋት ኖሮ «ልጄ፣ ትንንሾቹ ወደሚዘሉበት ወርውሪ» አሏት። «እሺ አባባ» ብላ ወረወረች፤ ዘንጉ ጎበጠ።

ዓሣው ከክንዷ ይረዝማል። እጇን አርጥባ ያዘችው፣ አፉንም ከፍታ ተመለከተች። «ጥርስ የለውም! ታዲያ ዓሣ እንዴት ይበላል?» አለች። የባርበስ ጥርስ መንጋጋው ላይ ሳይሆን ጉሮሮው ውስጥ ነው፤ ያደነውን ውጦ እዚያ ያደቃል። ይህን በሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ፤ ያን ቀን ግን ሁሉም ልጆች ከበዋት ቆመው በዓይናቸው አዩ። ከዚያ ለቀቀችው። በማግስቱ በክፍል ውስጥ እጇን አወጣች።

ችግርም ነበረብን። የክር መጠምጠሚያዎቻችን ጥርስ አልቋል፤ የነፍስ አድን ጃኬት ስለሌለን አንድም ልጅ ጀልባ ላይ አላወጣንም፣ ዓመቱን ሙሉ ከዳር ወርውረናል። የኳስ ቡድናችን አዲስ መለያ ማግኘቱ ያስደስተኛል፤ ነገር ግን ከሐይቅ ዳር ያለ ትምህርት ቤት አንድ የነፍስ አድን ጃኬት እንኳ አለመግዛቱ ሊታሰብበት ይገባል።

ከዓሦቹ ብዙዎቹ በክረምት ለመራባት ወደ ጉማራ፣ ርብና ግልገል ዓባይ ወንዞች ስለሚወጡ ክበቡ በዚያ ወቅት ላለማጥመድ ወስኗል። ጊዜውን ማንኪያ ለመቁረጥና ለመሞረድ እንጠቀምበታለን። ወላጆች አሮጌ የሻይ ማንኪያ ካላችሁ በልጆቻችሁ እጅ ወደ ባዮሎጂ ቤተ ሙከራ ላኩልን። የነፍስ አድን ጃኬቱን ጥያቄ በጽሑፍ ለአስተዳደሩ አቅርበናል፤ መልሱን ከመስከረም በፊት እንጠብቃለን።