ሪሞቱ አልሠራ ሲል ሪሲቨሩን ነቅላችሁ ከመምጣታችሁ በፊት

ጅማ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን

ጤና ይስጥልን። ክረምት ሲገባ ሱቃችን በብዛት የሚመጣው አቤቱታ አንድ ነው፤ «ሪሲቨሩ ሪሞቱን አልሰማ አለ»። አንዳንዶቻችሁ ሪሲቨሩን በፌስታል ጠቅልላችሁ ከጅሬን በባጃጅ ታመጡታላችሁ። ሌሎቻችሁ ሄርማታ ገበያ ወርዳችሁ አዲስ ሪሞት ትገዛላችሁ። ሁለቱም ወጪ ነው፤ ብዙ ጊዜም አያስፈልግም። ዋናው ነገር ችግሩ ከሪሞቱ ነው ወይስ ከሪሲቨሩ የሚለውን መለየት ነው። ይህን ደግሞ ቤታችሁ ሆናችሁ ማወቅ ትችላላችሁ።

ሪሞት የሚሠራው ዓይን በማያየው ብርሃን ነው። የስልክ ካሜራ ግን ያየዋል። ካሜራውን ክፈቱ፣ ሪሞቱ ጫፍ ላይ ያለችውን ትንሽ አምፖል ወደ ካሜራው አዙሩና አንድ ቁልፍ ተጫኑ። ስክሪኑ ላይ ነጭ ወይም ሐምራዊ ብልጭታ ከታየ ሪሞቱ እየላከ ነው። ካልታየ በሰልፊ ካሜራ ድገሙት፤ የአንዳንድ ስልኮች የኋላ ካሜራ ይህን ብርሃን ያጣራዋል።

በሁለቱም ካልታየ ወደ ባትሪው ሂዱ። አብዛኛው ሪሞት ባለ 1.5 ቮልት ሁለት ባትሪ ነው የሚይዘው። ሁለቱንም አንድ ላይ ቀይሩ፤ አሮጌው ከአዲሱ ጋር ሲገባ ቶሎ ያፈሳል። ባትሪ በጥርስ መንከስ ደግሞ እባካችሁ ይቅር፤ ውስጡ ያለው ኬሚካል አፍ ያቃጥላል። የከተማችን እርጥበት የታወቀ ስለሆነ ስፕሪንጉንም እዩት። ዝገት ወይም ነጭ ዱቄት ከያዘ የጆሮ ጥጥ በጥቂቱ ኮምጣጤ ነክራችሁ አሹት፣ በደንብ አድርቁት፣ ከዚያ ባትሪውን መልሱ።

ምንም ሳትነኩት ካሜራው ላይ ብልጭ ብልጭ የሚል ከሆነ አንድ ቁልፍ ተጣብቋል። ስኳር ያለው ቡና ወይም ሻይ የፈሰሰበት ሪሞት እንዲህ ይሆናል። አንዱ ቁልፍ ያለማቋረጥ ስለሚልክ ሪሲቨሩ ሌላውን አይሰማም። ይህን ተፈቶ ማጠብ ያድነዋል፤ ለእኛ አምጡት።

ሪሞቱ ደህና ከሆነ ወደ ሪሲቨሩ እንምጣ። መጀመሪያ ዳንቴሉን አንሱ። ዳንቴል ቤት ያሳምራል፣ ግን የሪሲቨሩን ዓይን ሲሸፍን ብርሃኑ አይደርስም። በመስኮት የሚገባ ፀሐይ በቀጥታ ሲያርፍበትም እንዲሁ ነው። ቀጥሎ ሪሲቨሩ ላይ ያሉትን ቁልፎች ሞክሩ። እነሱም ካልሠሩ መሣሪያው ደርቋል፣ ማለትም ለምንም ቁልፍ መልስ መስጠት አቁሟል ማለት ነው፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ ይህ ያጋጥማል። ከሶኬት ንቀሉት፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ መልሱት። የሪሲቨሩ ቁልፎች እየሠሩ ሪሞቱ ብቻ እንቢ ካለ፣ ወይ ዓይኑ ተበላሽቷል ወይ ሪሞቱ የእሱ አይደለም። መልኩ አንድ የሆነ ሪሞት ሁሉ ኮዱ አንድ አይደለም።

ቲቪው «ሲግናል የለም» እያለ ሪሞቱን የምትወቅሱም አላችሁ። መብራት ሲመለስ ቲቪው ወደ ሌላ መግቢያ ሄዶ ሊሆን ይችላል። በቲቪው ሪሞት «ሶርስ» የሚለውን ተጫኑና ሪሲቨሩ የተሰካበትን ምረጡ።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልሆነ ኑ። ስትመጡ የድሮውን ሪሞት ከነባትሪው ያዙ፤ ሪሲቨሩ ጀርባ ላይ ያለውን ጽሑፍም ፎቶ አንሱት። ሪሲቨሩ ራሱ የሚያስፈልግ ከሆነ ያን ጊዜ እንነግራችኋለን። ሪሞት ለማየት አናስከፍልም።

ከአክብሮት ጋር
የዲሽና ቲቪ ጥገና ሱቃችሁ