አንተ ጠፊ፣ ስለ አንድ ክሪኬተኛ ልንገርህ

እንዴት ነህ የኔ ጌታ፣ አለህ ወይ? ጠፋህ ብለህ እንዳትጀምረኝ አንተም ጠፍተሃል፣ እኩል ነን። የማታ ህግ ትምህርትህን "በዚህ እድሜ ምን ያደርግልኛል" ብለህ ልትተወው ነው ሲሉ ሰማሁ፣ በቃ እሱ ነው ያስጻፈኝ።

ሊሪ ኮንስታንቲን የሚባል ሰው ሰምተህ ታውቃለህ? አትሰማም፣ እኔም እንግሊዝ አገር ባልኖር አልሰማም ነበር፣ ክሪኬት ለኛ ምናችን ነው። የትሪኒዳድ ልጅ ነው፣ በፈረንጆቹ 1901 የተወለደ። በወጣትነቱ ጠበቃ ቢሮ ጸሐፊ ሆኖ ሰርቷል ግን ያኔ እዛ ጥቁር ከጸሐፊነት የትም አይደርስም፣ ያወጣው ክሪኬቱ ነው። በ1928 ለንደን ያለው ሎርድስ የሚባል የክሪኬት ሜዳ ላይ የሱ ቡድን ዌስት ኢንዲስ (የካሪቢያን ደሴቶች ቡድን) ሚድልሴክስ ከሚባል የእንግሊዝ ቡድን ጋር ሲጫወት፣ ሊሸነፉ ሲሉ ገብቶ 86 ራን (የክሪኬት ነጥብ ነው) አስቆጠረ፣ ከዛ ኳስ እየወረወረ 7 ሰው አስወጣ፣ ከዛ ደግሞ ተመልሶ በአንድ ሰዓት 103! ብቻውን ገለበጠው በለው። በነጋታው አመት ኔልሰን የምትባል የላንካሻየር የጥጥ ፋብሪካ ከተማ ቀጠረችው፣ በ9 ሲዝን 7 ጊዜ ሊጉን በሉ። እዛ ቤቱ ከአገሩ መጥቶ ያረፈው ሲ ኤል አር ጄምስ ደግሞ በ1935 ጣሊያን ሲመጣብን ለንደን ላይ ለኛ የተቋቋመውን የአቢሲኒያ ወዳጆች ማህበር በሊቀመንበርነት የመራው ሰው ነው፣ አየህ አይደል።

አሁን አንተን የሚመለከተው። በ1943 ጦርነቱ መሀል ሎርድስ ሊጫወት ከሚስቱና ከልጁ ጋር ለንደን ሄደ። ኢምፔሪያል ሆቴል 4 ሌሊት ይዟል፣ ቀብድ ከፍሏል፣ ጥቁር ነኝ ችግር አለው ወይ ብሎ አስቀድሞ አስጠይቋል፣ የለም ተብሏል። ሲደርሱ ግን ከአንድ ሌሊት በላይ አታድሩም ተባሉ፣ ለምን ቢባል የአሜሪካን ወታደሮች እንዳይከፋቸው። ሰውየው ያኔ የመንግስት ሰራተኛ ነው፣ የሰራተኛ ሚኒስቴር ሊቨርፑል ላይ ለዌስት ኢንዲስ ሰራተኞች የመደበው። ከሰሰ! እና ልብ በል፣ በቆዳ ቀለም ማግለልን የሚከለክል ህግ እንግሊዝ አገር ያኔ የለም። ጠበቆቹ ምን አሉ፣ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ቦታ እያለው ያለ በቂ ምክንያት መንገደኛ መመለስ አይችልም የሚል የድሮ ህግ አለ፣ በሱ ገቡ። በ1944 ዳኛ በርኬት ፈረደለት። ካሳው ግን 5 ጊኒ፣ ከ5 ፓውንድ ትንሽ ከፍ ያለች፣ እኔ በበኩሌ ስሰማው ተናድጃለሁ ግን ክሱ ለብር አልነበረም።

ጠበቃ የሆነው ከዛ በኋላ ነው፣ በ1954፣ ሃምሳን አልፎ። ኳስ ተጫዋች የነበረ ሰው ጉልበቱ ካለቀ በኋላ የውል ህግና የወንጀል ህግ ሲያነብ አስበው። አንተ ደግሞ ገና 41ህ ነው አረጀሁ ትላለህ።

ከዛማ ወደ አገሩ ተመልሶ በኋላ የአገሪቱ የመጀመሪያ ጠቅላይ ሚኒስትር ከሆነው ከኤሪክ ዊሊያምስ ጋር ፓርቲ መሰረተ፣ በ1956 ተመርጦ ሚኒስትር ሆነ። ፖለቲካው እንደ ሜዳው አልሆነለትም ባይ ነኝ። በ1963 ለንደን ላይ የትሪኒዳድ ሃይ ኮሚሽነር (እንደ አምባሳደር በለው) ሆኖ ሳለ ብሪስቶል ያለው የአውቶብስ ድርጅት ጥቁርና እስያዊ አልቀጥርም ሲልና ሰዉ በአውቶብሱ አንሳፈርም ብሎ አድማ ሲመታበት ድርጅቱን ተቃውሞ አፉን ሞልቶ ተናገረ፣ የገዛ መንግስቱ አልወደደለትም፣ በአመቱ ከስራው ለቀቀ። ድርጅቱ ግን ተሸንፎ መቅጠር ጀመረ። እሱም በ1969 ሎርድ ሆነ፣ የእንግሊዝ ፓርላማ የላይኛው ምክር ቤት አባል ማለት ነው፣ ከጥቁር የመጀመሪያው፣ በ1971 ሞተ።

እና ፈተናህ መቼ ነው? ቀኑን ንገረኝ። መጽሐፍ የሚያስፈልግህ ከሆነ ርእሱን ጻፍልኝ፣ ወደ አዲሳባ የሚሄድ ሰው አይጠፋም እልክልሃለሁ። እማማን ሳምልኝ፣ ያን ወንድምህንም ሰላም በልልኝ።