ከቦሌ ዋሽንግተን መሄዱና መምጣቱ እኩል አይደለም

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በጉዞ አምዳችሁ ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው ርቀት 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑን ገልጻችሁ፣ ይህንኑ አውሮፕላኑ በሰዓት ለሚበረው 900 ኪሎ ሜትር አካፍላችሁ ጉዞው 13 ሰዓት ያህል እንደሚፈጅ ጽፋችኋል። ርቀቱም ማካፈሉም ልክ ነው። ሆኖም በ13 ሰዓት ገደማ የሚያልቀው ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ የሚደረገው በረራ ነው፤ ከአዲስ አበባ ሲነሡ ነገሩ ሌላ ነው።

ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው። ስስ አየር የክንፉን የማንሣት ኃይልም የሞተሩንም ጉልበት ስለሚቀንስ፣ አውሮፕላኑ መንገደኛውንና ጭነቱን እንደያዘ አትላንቲክን የሚያሻግረውን ነዳጅ ሁሉ ሞልቶ ለመነሣት ይከብደዋል። ስለዚህ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይቀዳል፤ በተለያዩ ዓመታት ሮምና ደብሊን ለዚሁ አገልግለዋል። በዚያ ላይ ወደ ምዕራብ ሲበር ከምዕራብ የሚነፍሰውን የላይኛውን ነፋስ ይጋፈጣል። በመልሱ ግን ደለስ ዝቅተኛ ቦታ ላይ በመሆኑ ነዳጁን ሞልቶ ይነሣል፤ ነፋሱም ከኋላው ይገፋዋል። መሄጃው፣ መካከል ላይ የሚቆምበት ጊዜ ተጨምሮ፣ ወደ 17 ሰዓት የሚጠጋው በዚህ ምክንያት ነው።

እኔም እንደ እናንተው አካፍዬ ነበር። እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትመጣ፣ ትኬት ቆራጩም «ቀጥታ በረራ ነው» ስላላት፣ አንዴ ከተቀመጠች አውሮፕላኑ ሲያርፍ እኔን እንደምታገኝ ነግሬያት ነበር። ደብሊን ላይ ሲያርፍ ነጠላዋን አጣፍታ፣ በርበሬና ሽሮ የያዘችበትን ቦርሳ አቅፋ በሩ ድረስ ሄደች። አስተናጋጇ «እማማ፣ ገና ነው፤ ይቀመጡ» ብላ መለሰቻት። እስከ ዛሬ ስታወራው ትስቃለች፤ ያን ዕለት ግን አልሳቀችም።

የሰዓቱ ልዩነትም ሌላ ግራ መጋባት ያመጣል። አሜሪካኖቹ ሰዓታቸውን ከሚያራምዱበት ከመጋቢት ግድም እስከ ጥቅምት መጨረሻ ልዩነቱ 7 ሰዓት ሲሆን፣ በቀረው ጊዜ 8 ነው። ማታ ከቦሌ የተነሣ መንገደኛ በማግስቱ ጠዋት ዋሽንግተን ሲገባ፣ ትኬቱ ላይ የሰፈረውን የመነሻና የመድረሻ ሰዓት ብቻ አይቶ በ10 ሰዓት ጉዞ ብቻ የደረሰ ይመስለዋል።

ከቢሾፍቱ አጠገብ የታቀደው አዲስ ማረፊያ ከቦሌ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነ ይህ ሁሉ ወደፊት ሊቀልል ይችላል። እስከዚያው ግን በአምዳችሁ የመሄጃውንና የመመለሻውን ጊዜ ለየብቻ፣ መካከል ላይ የሚታረፍ ከሆነም ያንኑ ጠቅሳችሁ፣ የመነሻውን ሰዓት እናቶቻችን በሚቆጥሩት በአገራችን አቆጣጠር ጭምር እንድታወጡልን እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ